የልጆች ቅርጫ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ኮታ! አንቺ ስልክሽን ኪስሽ ክተቺ። አንተ ደግሞ ያንን ቆሎ ወይ ዋጠው ወይ ትፋው፤ እኔ ሳወራ ሲንኮሻኮሽ አልወድም። ጨል ጄዳ! ዝም! ዝም ያላለ ሰው ኢተያን ሳያልፍ ጎማው ይፈንዳ፤ ያውም በዝናብ፣ ያውም ትርፍ ጎማ ሳይዝ። ምነው ሳቃችሁ? ጎሚስታ ሲራገም እንዲህ ነው፤ እርግማኑም ገበያው ነው።

ዝም አላችሁ? ጎሽ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በዚህ ዓለም ላይ ከባዱ ሥራ ምንድነው? ጉድጓድ መቆፈር? አይደለም። የስንዴ ጆንያ መሸከም? እሱም አይደለም፤ ቢበዛ ወገብ ነው የሚያስቀረው። ከባዱ ሥራ ማካፈል ነው። መሬት የተካፈሉ ወንድማማቾች ሲኮራረፉ አላያችሁም? አንድ ዳቦ የቆረሱ ጓደኛሞች "ያንተ ይበልጣል" ሲባባሉ አልሰማችሁም? ሙሴ ባሕር ከፈለ ይባላል። ጎበዝ ነው፣ ክፉ አልወጣኝም። ግን ባሕሩ "እኔ የምፈልገው ሌላ ቀለም ነው!" ብሎ መሬት ላይ እየተንከባለለ አላለቀሰበትም። እኔ የከፈልኩት ልጆችን ነው።

የማታውቁኝ ካላችሁ ገመቹ ጎሚስታ እባላለሁ። አሰላ ውስጥ የማያውቀኝ ጎማው ተንፍሶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ትምህርት እስከ ሰባተኛ ክፍል ሄጃለሁ። ስምንተኛን በመስኮት አየኋት፤ ብዙም አላማረችኝም። በአንድ ነገር ግን ፕሮፌሰር ነኝ፤ በቅርጫ። ሰፈራችን ለፋሲካ በሬ አዋጥቶ ሲገዛ መዳቢው እኔ ነኝ። መመደብ ማለት ሥጋ መከመር እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ መደብ ከሻኛውም ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ከአጥንቱም እኩል ሊደርሰው ይገባል። ከዚያ እጣ ነው። ሁሉም ከኪሱ ምልክት ያወጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። ከዚያ ምንም ያላየ ልጅ ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። ቁልፍህ ያረፈበት ሥጋህ ነው፤ አለቀ፣ ደቀቀ፣ ክርክር የለም። መዳቢው ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ የሚወስደው መጨረሻ ነው። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይባል የለ? ቢላ የያዘ ሰው መጀመሪያ ካነሳ ጎረቤቱ አጥንት ሲግጥ ነው የሚውለው። ይቺን ደንብ በትልቁም በትንሹም ፊት ሳልሰለች አወራታለሁ። ባላወራት ይሻለኝ ነበር። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

የእህቴ ልጅ ለሊሴ አስተማሪ ናት። ግልገል ስካውት የሚባል ነገር አቋቁማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ትሰበስባለች። ይዘምራሉ፣ ገመድ መቋጠር ይማራሉ፣ አሮጊት መንገድ ያሻግራሉ። አሰላ ውስጥ መሻገር ያልፈለገች አሮጊት ሳትቀር ተሻግራለች። አንዷማ ሁለቴ ተሻግራ ወደመጣችበት ተመለሰች አሉ።

የስካውቱ ደንብ ልጆቹ በስድስት በስድስት ይከፈሉ ይላል። እያንዳንዱ ስድስት መሪ አለው፣ ቀለም አለው፤ ቀለሙም አንገት ላይ በሚታሰር ጨርቅ ይለያል። ለሊሴ አራት ዓይነት ጨርቅ አሰፋች፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ። እኔ ቡናማውን ሳይ ነው ጉድ እንደሚፈላ የገባኝ። ቡናማ ማን ይፈልጋል? የአሰላ ልጅ ክረምት ከገባ ከጫማው እስከ ጉልበቱ ቡናማ ነው፤ አንገቱ ላይ ደግሞ ይጨመርበት እንዴ?

ሁሉም ቀይ አሉ። "ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል" ይባላል፤ የኛዎቹ ከብልጥም አልፈው የሰጧቸውን ሸጠው መሳቅ ጀመሩ። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ገበያ ተከፈተ። አረንጓዴ በአንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሰማያዊ በብይ፣ ቡናማ ግን ገዢ አጣ። እህት ወንድሟን ለምና፣ ወንድም እህቱን አስፈራርቶ፣ ቀይ ጨርቅ ከየትም ከየትም ይመጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሊሴ ፊሽካዋን ነፍታ "ቀይ!" ብትል ሜዳው ሙሉ ግር ብሎ መጣ። "ቡናማ!" ብትል የከድር ልጅ አብዲ ብቻውን ቆመ፤ እሱም አፍሮ ጨርቁን ካልሲው ውስጥ ደብቆታል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከአዳማ አስተባባሪ ልትመጣ ነው። ልጆቹ በየቡድናቸው ቀጥ ብለው ከቆሙላት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለው የልጆች ካምፕ ትወስዳቸዋለች፤ ከተደበላለቁ ግን ተራው ለሌላ ከተማ ይሰጣል። ላንጋኖ ለአሰላ ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኛ ልጅ ውሃ የሚያውቀው ከላይ ሲወርድበት ነው። የለሊሴ ልጅ ሀዊማ፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እሷም ስካውት ናት፣ ወሬውን ከሰማች ጀምሮ የዋና ልብሷን ከሹራቧ በላይ ለብሳ ነው የምትዞረው። ጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ በሚያድርበት ብርድ! አውልቂ ብትባል "ድንገት ቢሄዱስ?" ትላለች።

እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሀዊ አልተሻልኩም። ለሊሴ "አንድ ረዳት ይፈቀዳል" ስትል አፏን ሳትዘጋ እጄን አወጣሁ። በማግስቱ ቁምጣ ገዛሁ። ከድር ጎረቤቴ ነው፤ የሱ የመለዋወጫ ሱቅና የኔ ጎማ ቤት በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ ናቸው። ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍቼ ላንጋኖ ላይ እንደ ጉማሬ እንደምንሳፈፍ ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ አይ ገመቹ፣ ዓሣዎቹ ምን በደሉህ አለኝ።

ወደ ቅርጫው ልምጣ። አስተባባሪዋ ልትመጣ አንድ ቅዳሜ ሲቀራት ለሊሴን ለስብሰባ ጠሯት። ልጆቹን ለኔ ሰጠችና፣ "ኤሱማ፣ መጠበቅ ብቻ ነው። ምንም እንዳታደርግ" አለችኝ። ኤሱማ በኛ የእናት ወንድም ነው። ኤሱማን "ምንም እንዳታደርግ" ማለት ፍየልን ጎመን አስጠብቆ "እንዳታሸቺ" እንደማለት ነው። ገና ከበሩ ሳትወጣ ጨርቆቹን ሰብስቤ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ልጆቹን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩና አየኋቸው። በሬ እንደማይ አየኋቸው። ወዲያው ብልት ብልታቸው ተለየልኝ! ሯጮቹ፣ ጉልበተኞቹ ሻኛ ናቸው። ወሬኞቹ ምላስ። ትንሽ ሲነኳቸው እንባቸው ዱብ የሚለው ጉበት። የጓደኛቸውን ምሳ ጭምር የሚጨርሱት ጨጓራ። እንደ አብዲ ቀጫጭኖቹ አጥንት። የቀሩት፣ የማያስቸግሩት፣ የማይወደሱት፣ እናታቸው ብቻ ስማቸውን የምታስታውሰው ዝም ያለ ቀይ ሥጋ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ስድስት ዓይነት ነው! ይሄንን ደንብ ያወጣው ሰው ቅርጫ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት አልኩ። ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ሻኛ፣ አንድ ምላስ፣ አንድ ጉበት፣ አንድ ጨጓራ፣ አንድ አጥንት፣ አንድ ቀይ ሥጋ። የዚያን ቀን ጠዋት ከሁሩታ የመጣ አዲስ ልጅ እንኳን ነበር፤ ቀልቀል ሲል አይቼ ለአንዱ መደብ ምላስ አደረግኩት።

ምልክቱንም ከኪሴ አወጣሁ፤ ቡሎን፣ ቆርኪ፣ አሮጌ ቁልፍ፣ የስንዴ ዛላ። እጣ ጣይ ማን ይሁን? የማያዳላ፣ ያላየ ልጅ። ሀዊ! ከመጀመሪያው ወደ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ልኬያት ነበር። ስጨርስ ዓይኗን በሻርፔ አስሬ አመጣኋት። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ሀዊ እየዳበሰች ምልክቶቹን በየመደቡ ፊት አስቀመጠች። ቡሎኑ እዚህ፣ ቆርኪው እዚያ። አንድም ልጅ "ይቀየርልኝ" አላለም! ጉበቶቹ እንኳን አላለቀሱም። ለምን በሉኝ? ቀለም ሰው ነው የሚሰጥህ፤ ሰውን ደግሞ ለምነህም አልቅሰህም ትቀይረዋለህ። እጣ ግን ፊት የለውም፣ በማን ላይ ታለቅሳለህ?

ከሱቄ ቡሎን፣ ከሻይ ቤቱ ቆርኪ፣ ከከድር አሮጌ ቁልፍ፣ ከማሳው ዳር ስንዴ ሰብስበን በከመነዳሪ ክር ለሁሉም አንገታቸው ላይ አንጠለጠልንላቸው። ቆጠርኩ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። አንድ አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። ወንድሞቼ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ የሞላ ቅርጫ መድቤ አላውቅም! ለራሴ አጨበጨብኩ።

ለሊሴ ስትመለስ ምን እንዳለችኝ አትጠይቁኝ። ሌላ ጊዜ "አንተ" ነው የምትለኝ፤ ስትናደድ ብቻ "እርስዎ" ይመጣል። የዚያን ቀን "አቶ ገመቹ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት?" አለችኝ። "አቶ" የተባልኩት ከሠርጌ ወዲህ ያኔ ነው። እሷ ሳትጨርስ የወላጆቹ ቴሌግራም ተንጫጫ። አንዷ እናት "ልጄ ጨጓራ ተባለብኝ" ብላ የሚያለቅስ ፊት ደርድራለች። ሌላው "ልጆቻችንን እንደ በሬ በለቷቸው" ብሎ ጽፏል። አንዱ አባት ደግሞ፣ ሰው አይጠፋም፣ "የኔ ልጅ ሻኛ ስለሆነ አመሰግናለሁ" ብሏል።

ሰኞ ጠዋት ከድር እንደ ልማዱ ግድግዳውን ሳይደበድብ ቀጥ ብሎ መጣ።

ልጄን አጥንት አልከው አሉ፣ አለኝ።

አጥንት የሌለው መደብ መረቁ ከየት ይመጣል፣ አልኩት። አንተ ራስህ እኮ ስታገባ አጥንት ነበርክ፤ ፎቶህን አይቻለሁ።

ጥርሱን ነክሶ ሳቁን ያዘ። እኔም ቡሎኔን አስቀምጬ ሌላ ነገር ነገርኩት። ከድር፣ አልኩት፣ እኔና አንተ ስንት ዘመን በአንድ ግድግዳ ኖርን? ሻይ ተገባብዘናል፣ ለቅሶ ተቀማምጠናል፣ መፍቻ ተዋውሰን ተካክደናል። ሥጋ ግን ለአረፋ ያንተ ለብቻው፣ ለፋሲካ የኔ ለብቻው፤ አንድ ቅርጫ ላይ ተቀምጠን እናውቃለን? ይኸው ልጅህ ከቤተ ክርስቲያኑም ከቸርቹም ልጆች ጋር አንድ መደብ ገባ፤ ቢላ ሳይነሳ፣ ማን ባረከው ሳይባል። እንዲህ ያለ ቅርጫ አሰላ አይታ ታውቃለች?

ከድር ቡሎኔን አንስቶ አገላበጠ። ከዚያ ሊሄድ ዞር ብሎ፣ እሺ፣ ግን መቅኒ ያለው አጥንት ነው በል፣ አለኝ። አልኩለት። በቴሌግራምም አስጻፍኩለት።

በዚያው ሳምንት ሀዊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ መጣች። እኔ አይሱዙ ሥር ተጋድሜያለሁ፤ የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው። "ኤሱማ፣ የኔ ምልክት የቱ ነው?" አለችኝ። "ይደርስሻል፣ ይደርስሻል" አልኳት። ጫማው ትንሽ ቆሞ ሄደ። ያኔ ብጠረጥር ምን ነበረበት? ጎሚስታ ግን ጎማ ሲፈታ ጆሮው እጁ ላይ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። አስተባባሪዋ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ልብሷ እንደ አዲስ ብር ቀጥ ያለ። እኔ ለረዳትነት ዝግጁ መሆኔን እንዳትጠራጠር ቁምጣዬን ለብሼ ቆሜያለሁ። እግሬ በብርዱ የተነጨ ዶሮ መስሏል፤ ግን ማን ግድ አለው? ላንጋኖ ሙቀት ነው።

"ቀይ ቡድን!" ብላ ተጣራች። ማንም አልተነቃነቀም። "አረንጓዴ!" ዝም። ለሊሴ ፊቷ ላይ ቀይም አረንጓዴም ተፈራረቀ። እኔ አላስቻለኝም፤ "ቡሎን!" ብዬ ጮህኩ። ቡሎኖቹ እንደ ጥይት መጥተው ተሰለፉ። "ቆርኪ!" ተሰለፉ። ቁልፍ፣ ስንዴ፣ ሁሉም ቀጥ! አስተባባሪዋ አላመነችም፤ ሜዳው ላይ አባሮሽ አስጫወተቻቸው፣ አደበላለቀቻቸው፣ እንደገና ፊሽካ ነፋች። ሰው በፋሲካ ዋዜማ ሥጋውን እንደሚያገኝ እያንዳንዱ መደቡን አገኘ። አስተባባሪዋ ለካ የቅርጫ አገር ልጅ ናት፤ አመዳደቤን ብነግራት ሳቋ አመለጣትና ጨጓራው ማን ነው ብላ ጠየቀች። አራት ልጆች በኩራት እጃቸውን አወጡ። አብዲም ሳይጠየቅ "እኔ ባለመቅኒ ነኝ!" አለ።

ላንጋኖ እጃችን ገባ ስንል ሴትየዋ ጣቷን ወደ ባንዲራው እንጨት ቀሰረች። "ያቺስ የየትኛው ናት?"

ሀዊ ናት። ሹራብ፣ ከላይ የዋና ልብስ፣ እጇን አጣምራ፣ አንገቷ ባዶ።

ልቤ እንደተወጋ ጎማ ፍስስ አለ። አያችሁ፣ ቅርጫ ላይ እጣ የሚጥለው ልጅ ከመደብ አይቆጠርም። አንድ ቁራጭ ጉበት እጁ ላይ ይደረግለትና፣ ጎሽ የኔ ልጅ፣ ይባልና ይሄዳል። እኔም በቅርጫ ደንብ የገዛ ሥጋዬን ሳልቆጥር ቀረሁ! የሁሩታው ልጅ በሷ ቦታ ስለገባ ሂሳቡ ሞላልኝ። የሞላ ሂሳብ እንዴት ያለ ሌባ ነው!

አራቱም ቡድን "ለኛ ትመረቅ! ለኛ!" እያለ ተንጫጫ። አስተባባሪዋ፣ ሰባት ሆነው ቢቆሙስ እኔ ምን ቸገረኝ፣ የአውቶብሱ ወንበር ነው እንጂ አለች። ወንበሩ የተያዘው አስቀድሞ በተላከላት ቁጥር ነው፤ ለሃያ አራት ልጆች፣ ለአስተማሪዋ፣ ለአንድ ረዳት። ከዚያ በላይ አንድ ሰው አይሳፈርም።

ለሊሴ መሬት መሬት አየች። የሰው ልጅ አስቀርታ የራሷን ልትወስድ ነው? ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲያው የኔዋ ትቅር" አለች። ሀዊ የዋና ልብሷን ማንጠልጠያ አስተካከለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ዝም ብዬ ላይ? ተከራከርኩ! እናቷ ጭን ላይ ትቀመጥ አልኩ፤ ክልክል ነው ተባልኩ። ሁለት አጥንቶች አንድ ወንበር ላይ ይጣበቁ አልኩ፤ አብዲ "መቅኒዬ ይፈሳል!" ብሎ ጮኸ። ከመነዳሪ ነፍቼ ከአውቶብሱ ኋላ ልጎትታት አልኩ፤ አስተባባሪዋ ሰዓቷን አየች። በመጨረሻ ደረቴን ነፋሁና፣ ሽማግሌ የሚለውን አልኩ፤ እጣ ይጣል! የወጣበት ይቅር፤ እጣ አያዳላም፣ እጣ ፊት የለውም! ልጆቹ ሁሉ ምልክታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የሁሩታው ምላስ እንኳን ዝም አለ። እኔ ግን ሻርፔን ከአንገቴ ፈታሁና፣ "ነይ ሀዊ፣ የኔ ልጅ፣ እጣ ጣይዋ አንቺ አይደለሽ?" አልኳት።

ሀዊ ቀስ ብላ መጣች። ሻርፑን ተቀበለችኝ። ዓይኗ ላይ አላሰረችውም። አጥፋ አጥፋ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቁምጣዬን አየች፣ እግሬን አየች፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከተወለደች ጀምሮ "አንተ" ብላኝ የኖረች ልጅ፣ የእናቷን ድምፅ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፦

"መዳቢ የሚወስደው መጨረሻ ነው ሲሉ አልነበር? አልተረፈልዎትም። ይሂዱና ሱሪዎን ይልበሱ!"